አንድ ኪሎ በሙየንጋ ዳገት

ካምፓላን የሚያውቅ ሰው ኮረብቶቿን ያውቃል። ከተማዋ ተመሠረተችባቸው የሚባሉት ሰባቱ ኮረብቶች፣ እነ ሜንጎ፣ ካሱቢ፣ ናሚሬምቤ፣ ሩባጋ፣ ኪቡሊና አሮጌው ካምፓላ፣ ዛሬ ከእነ ኮሎሎ፣ ከእነ ማኬሬሬና ከእነ ሙየንጋ ጋር ተደምረው መንገዱን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት አድርገውታል። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከሚበዙበት ከካባላጋላ ተነስቶ ወደ ሙየንጋ አናት፣ የውኃ ታንኮቹ ወደተተከሉበት ጫፍ፣ በብስክሌት የሚወጣ ሰው እያንዳንዱ ግራም ጭኑ ላይ የተጫነ ይመስለዋል። ስለዚህ በዚህች ከተማ የኮርስ ብስክሌት የሚነዳ ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። ቸርኬውን፣ ኮርቻውን፣ የማርሹን ዕቃ በቀላል ብቀይረው ዳገቱ ይቀልልኝ ይሆን? የማወጣው ገንዘብስ ያን ያህል ይመልስልኛል?

ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የኮርስ ብስክሌት ዕቃ በኡጋንዳም ሆነ በኢትዮጵያ ከውጭ የሚመጣና በዶላር የሚተመን ነው። ብዙ ሰው አንድ ዕቃ ለማግኘት ወይ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይጠብቃል፣ ወይ ለማጓጓዣና ለቀረጥ የዕቃውን ዋጋ የሚያህል ይጨምራል። በዚህ ላይ ክብደት ለሻጭ እጅግ የሚመች ነገር ነው። ጎማ ምን ያህል ጉልበት እንደሚቆጥብ ገዢው በዓይኑ ሊያይ አይችልም፤ 300 ግራም የነበረው ኮርቻ 150 ግራም ሲሆን ግን ሚዛኑ ወዲያው ይናገራል። ሚዛን ላይ የሚታየው ልዩነት መንገድ ላይም የሚታይ ይመስለናል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን ይህ ነው፦ ለውድድር ለማይሰለፍ ተራ ብስክሌተኛ፣ ዳገት በሞላበት በካምፓላም ቢሆን፣ ደህናውን ዕቃ አውልቆ በቀላል ዕቃ መተካት በአብዛኛው አያዋጣም። በዚያው ገንዘብ፣ እንዲያውም በጥቂቱ፣ ከዚያ የበለጠ ፍጥነትና ምቾት ሊገዛ ይችላል።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ብስክሌተኛ ጉልበቱን በምን በምን ላይ እንደሚያወጣ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው አየር ነው። ሰውነቱና ብስክሌቱ ከፊት ያለውን አየር እየገፉ ማለፍ አለባቸው፤ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ይህ ትግል በእጅጉ ያሻቅባል። ሁለተኛው ጎማው ሲንከባለል የሚባክነው ጉልበት ነው። ጎማ መሬቱን በነካ ቁጥር ይጨፈለቃል፣ መልሶ ይለጠጣል፤ በዚህ መሀል ከጉልበቱ ጥቂቱ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይቀራል። ሦስተኛው የመሬት ስበት ነው፤ ክብደት በዋናነት ዋጋ የሚያስከፍለውም እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ዳገት የሚወጣው ብስክሌቱ ብቻውን አይደለም። ነጂው 70 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 10 ኪሎ፣ ልብሱ፣ ውኃውና መፍቻው 2 ኪሎ ቢሆኑ ጠቅላላው ጭነት 82 ኪሎ ነው። ከብስክሌቱ ላይ አንድ ኪሎ ስንቀንስ ብስክሌቱ በ10 በመቶ ቀለለ፤ ዳገቱን የሚወጣው ጭነት ግን የቀለለው በ1.2 በመቶ ብቻ ነው። ማስታወቂያው የሚነግረን አሥሩን ነው፣ እግራችን የሚያገኘው ግን አንድ ነጥብ ሁለቱን ነው።

ይህን ወደ ሰከንድ መለወጥ ከባድ አይደለም። አንድ ኪሎ ዕቃ 100 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት 981 ጁል ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ደህና ልምምድ ያለው ብስክሌተኛ ዳገት ላይ 200 ዋት ያህል ቢያወጣ፣ በሰከንድ 200 ጁል ማለት ነውና፣ ያን አንድ ኪሎ ለማንሳት አምስት ሰከንድ ይበቃዋል። ስሌቱ እንግዲህ ለማንም የሚያዝ ነው፤ በየ100 ሜትሩ ሽቅብ አንድ ኪሎ አምስት ሰከንድ ነው። የሙየንጋን መውጫ 100 ሜትር ከፍታ ብለን ብንይዘውና የዳገቱ ቁመት በየ100 ሜትሩ መንገድ 6 ሜትር ቢሆን፣ ይኸው ብስክሌተኛ በሰዓት 12.7 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ ስምንት ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። አንድ ኪሎ ቢቀልለት ከዚሁ ላይ አምስት ሰከንድ ይቀነስለታል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሰው ወደ እንጦጦ 500 ሜትር ከፍታ ቢወጣ፣ በዚሁ ጉልበት አርባ ደቂቃ ገደማ ከሚወስደው ጉዞ ላይ የሚቀነስለት 25 ሰከንድ ነው። ሰከንዱ እውነት ነው፣ ማንም ሊክደው አይገባም። ጥያቄው ስንት ይከፈልበታል የሚለው ነው።

አንድ ኪሎ ከየት ይመጣል? ከፋብሪካ ከብስክሌቱ ጋር የሚመጣው መካከለኛ ጥንድ ቸርኬ 2 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ቀለል ባለ ጥንድ ቢተካ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይቀነሳል። ኮርቻው በካርቦን ቢቀየር መቶ ወይም መቶ ሃምሳ ግራም ይተርፋል። የኮርቻው ዘንግ፣ መሪው፣ ብሎኖቹ እያንዳንዳቸው ጥቂት አሥር ግራሞች ይሰጣሉ። የማርሹ ዕቃ በሙሉ ሁለት ሦስት ደረጃ ከፍ ባለ ቢተካ እንደገና ግማሽ ኪሎ ያህል ይገኛል። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ ኪሎ ለመሙላት ወጪው በአብዛኛው ከ1,000 ዶላር ያልፋል፤ ጥሩ የካርቦን ቸርኬ ብቻውን ይህን ያህል ሊያስወጣ ይችላል። ዶላሩን በ3,500 የኡጋንዳ ሽልንግ ብንመታው እንኳ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ሽልንግ ይሆናል። ለአምስቱ የሙየንጋ ሰከንዶች ስናካፍለው አንዱ ሰከንድ 700,000 ሽልንግ ወጣበት ማለት ነው። ዕቃው ይህን ያህል ውድ የሆነው ሻጩ ስለበደለን አይደለም። ከአንድ ደረጃ በታች ግራም መቀነስ ውድ ቁሳቁስና ጥንቃቄ ያለው ሥራ ስለሚጠይቅ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ መቶ ግራሞች በርካሽ ይገኛሉ፣ የመጨረሻዎቹ ግን በወርቅ ዋጋ።

ሜዳ ላይ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ብስክሌተኛ ላይ ከጉልበቱ ሦስት አራተኛው ያህል የሚሄደው አየርን በመግፋት ነው፤ አንድ ኪሎ ቢቀነስ የሚተርፈው ግማሽ ዋት ያህል ብቻ ነው። ለዚህ የስፖርቱ ታሪክ ራሱ ግልጽ ምስክር አለው። ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ የቻሉትን ያህል የመሄድን ክብረ ወሰን ሲይዝ የጋለበው ብስክሌት 6 ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። ግራም ለመቀነስ ሲባል ዕቃው ሳይቀር ተበስቶለታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩም ሳስቶለት ነበር። በሰዓቱ የሄደው 49.431 ኪሎ ሜትር ነው። ጣሊያናዊው ፊሊፖ ጋና እ.ኤ.አ. በ2022 ስዊዘርላንድ ግሬንሸን ውስጥ፣ አየሩ ይበልጥ ወፍራም በሆነበት ዝቅተኛ ቦታ፣ በደንቡ ከ6.8 ኪሎ በታች ሊወርድ በማይችል ብስክሌት 56.792 ኪሎ ሜትር ሄደ። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ልምምድና አመጋገብ እንደተለወጠ አያከራክርም። ነገር ግን ከሰባት ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ልዩነት ትልቁ ምንጭ አየርን የሚያታልል አቀማመጥ፣ ልብስና ብስክሌት ነው። ሰዎች ክብደትን ትተው አየርን ማሸነፍ ሲጀምሩ ፍጥነቱ መጣ።

ታዲያ ለተራው ብስክሌተኛ ገንዘቡ የት ቢውል ይሻላል? መጀመሪያ ጎማ ላይ። በርካሽ ብስክሌቶች ላይ የሚገጠመውን ጎማ አውልቆ በእጅ መመርመር ብዙ ያስተምራል። ጠርዙ ውስጥ የሽቦ ቀለበት ስላለው አይታጠፍም። ጎኑ ወፍራምና ድርቅ ያለ ነው፤ በሁለት ጣት ሲጫኑት ይታገላል። ጥሩው ጎማ በሽቦ ምትክ ጠንካራ ክር ስላለው እንደ ጨርቅ ይታጠፋል፣ ጎኑ ስስና ለስላሳ ነው። ያ ድርቅና መንገድ ላይ በእያንዳንዱ ዙር ጉልበት ይበላል። መካከለኛና ጥሩ ጎማ በሚባክነው ጉልበት ሲለያዩ፣ በ82 ኪሎ ጭነትና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ልዩነቱ 13 ዋት ያህል ሊደርስ ይችላል። አንድ ኪሎ መቀነስ ሜዳ ላይ ግማሽ ዋት ብቻ መስጠቱን እናስታውስ። ከካምፓላ ኢንቴቤ ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት 30 ለሚሄድ ሰው፣ ሜዳ ነው ብለን ብንቆጥረው፣ ጥሩ ጎማ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲያሳጥርለት አንድ ኪሎ ማቅለል የሚያሳጥርለት ስድስት ሰባት ሰከንድ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው ዳገቱ ነው። በሙየንጋ ዳገት ላይ እንኳ ያው ጎማ 13 ሰከንድ ገደማ ይቆጥባል፣ ማለትም ሁለት ኪሎ ተኩል ከማቅለል ጋር እኩል ነው። ሁለቱ ጎማዎች የሚያስወጡት ዋጋ ደግሞ የአንድ ካርቦን ቸርኬ ጥንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው።

ሁለተኛው ማርሽ ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ጭራሽ ይገለበጣል፣ ምክንያቱም ክብደት መጨመር ያዋጣል። ለሜዳ ውድድር የተሠሩ ብዙ የቆዩ የኮርስ ብስክሌቶች ከኋላ ያላቸው ትልቁ ጥርስ ባለ 25 ነው። ከፊት ባለ 34 ጥርስ ይዞ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚቆም ዳገት ላይ 200 ዋት የሚያወጣ ሰው በሰዓት ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ፔዳሉንም የሚያዞረው በደቂቃ 48 ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ጉልበትን የሚጨርስ፣ ወገብን የሚያንገላታ አነዳድ ነው። የኋላው ትልቁ ጥርስ ባለ 32 ቢሆን በዚያው ፍጥነትና በዚያው ጉልበት ፔዳሉ በደቂቃ 61 ጊዜ ይዞራል። እግር በየዙሩ የሚገፋው ኃይል በአምስተኛ ያህል ይቀንሳል። የጥርሱ ክምር ክብደት የሚጨምረው መቶ ግራም ቢሆን ነው፤ በሙየንጋ ዳገት ላይ ግማሽ ሰከንድ ማለት ነው። የካምፓላ ብስክሌተኛ ዳገቱ ከበደኝ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የከበደው ብስክሌቱ ሳይሆን ማርሹ ነው። አንዳንዱ ማርሽ ቀያሪ ባለ 32 ጥርስ መሸከም አይችልምና ከመግዛት በፊት ለመካኒክ ማሳየት ግን ግድ ነው።

ሦስተኛው ገንዘብ እንኳ አይጠይቅም ማለት ይቻላል፤ አቀማመጥና ጥንቃቄ ነው። እጁን ወደ መሪው የታችኛው እጀታ አውርዶ፣ ክርኑን አጥፎ የሚነዳ ሰው ደረቱ ለአየር የሚያሳየው ስፋት ይቀንሳል፤ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ላይ ይህ ብቻውን ከ10 ዋት በላይ ሊያተርፍ ይችላል። ለዚህ ግን ኮርቻውና መሪው በሰውየው ቁመት ልክ መስተካከል አለባቸው፣ አለዚያ ዝቅ ብሎ አሥር ደቂቃ እንኳ መቆየት አይቻልም። በቀይ አቧራ የተለወሰ ሰንሰለትም ጉልበት ይበላል፣ ጥርሱንም ቶሎ ይጨርሳል። ካምፓላ ዝናብና አቧራ የሚፈራረቁባት ከተማ ናት፤ ከዝናብ በኋላ ሰንሰለቱን ጠርጎ ዘይት መቀባት ከብዙ ውድ ዕቃ የበለጠ ጥቅም አለው። ሙሉ የውኃ ጠርሙስም 750 ግራም ያህል እንደሚመዝን መዘንጋት የለበትም። በየመንገዱ ውኃ በሚሸጥበት ከተማ ለአንድ ሰዓት ጉዞ ሁለት ሙሉ ጠርሙስ ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው፣ አንዱን ቢተው የቀለለ ኮርቻና የቀለለ መሪ ተደምረው የማይሰጡትን በነጻ ያገኛል። በሙቀት ያለ ውኃ መሄድ ግን ከክብደቱ ይልቅ ይጎዳል፤ ልኩን መያዝ እንጂ መጠማት አይደለም የሚፈለገው።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ የታላላቆቹ ጋላቢዎች ምሳሌ ነው። እነሱ ግራም ይቆጥራሉና እኛስ ለምን አንቆጥርም? እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የዓለም የብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ መጥቶ ጎረቤት ሩዋንዳ ኪጋሊ ላይ ሲካሄድ የወንዶቹ ዋና ውድድር 267.5 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 5,475 ሜትር ሽቅብ ነበረው። በዚያ ላይ በ300 ዋት ለሚነዳ ጋላቢ አንድ ኪሎ ማለት በሽቅቡ ብቻ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ጥቂቱ በቁልቁለት ቢመለስም የሚቀረው ቀላል አይደለም። ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር ውድድሩን ሲያሸንፍ ሁለተኛ የወጣውን ሬምኮ ኤቬኔፑልን የቀደመው በ1 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ ነበር። ስለዚህ ለእነሱ ግራም መቁጠር ተገቢ ነው። ሆኖም ሦስት ነገር ልብ ይሏል። ዕቃውን የሚያገኙት ከቡድናቸው ነው፣ ከኪሳቸው አይከፍሉም። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ምክንያት ብስክሌታቸው ከ6.8 ኪሎ በታች አይወርድም፤ ስለዚህ ማቅለሉ ልኩ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጎማውን፣ አቀማመጡን፣ ልብሱን አስቀድመው ጨርሰው ነው ወደ ግራሙ የሚመጡት። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ቀናት አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲወስድ ያሸነፈው በመጨረሻዎቹ መቶ ሜትሮች ሩጫ ነው። እዚያ ላይ የሚወስነው ጉልበትና አየር ነው፤ ክብደት ከኋላ ይመጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ በብስክሌተኞች መካከል በሰፊው የሚነገረው ነው፤ የሚሽከረከር ክብደት እጥፍ ይቆጠራል፣ ስለዚህ ቸርኬና ጎማ ማቅለል ከሌላው የተለየ ነው ይባላል። እዚህ ላይ እውነት አለ። ቸርኬው ጠርዝ ላይ ያለ ክብደት ወደ ፊት ከመሄድ ሌላ ስለሚሽከረከር፣ ብስክሌቱን ለማስነሳት እጥፍ ያህል ጉልበት ይጠይቃል። በካምፓላ መጨናነቅ ውስጥ፣ ታክሲ ሲቆም መቆም፣ የሞተር ብስክሌት ታክሲው ቦዳ ቦዳ ሲቆርጥ መቆም፣ መልሶ መነሳት የቀን ተቀን ሥራ ነው። ቁጥሩን እንየው እንግዲህ። ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 82 ኪሎው ወደ 1,270 ጁል ይጠይቃል። ከቸርኬው ጠርዝ ላይ ሙሉ አንድ ኪሎ ብንቀንስ፣ ይህም ከሚቻለው በላይ ነው፣ የሚተርፈው 31 ጁል ነው፤ ለ200 ዋት ብስክሌተኛ የአንድ ሰከንድ ስድስተኛ ክፍል ያህል። በአንድ ጉዞ መቶ ጊዜ ቢቆምና ቢነሳ ሩብ ደቂቃ ይሆናል። ዳገት ላይ በእኩል ፍጥነት ሲወጣ ደግሞ የሚሽከረከረው ክብደት ከሌላው ክብደት ምንም ልዩነት የለውም። እጥፍ የሚቆጠረው ፍጥነት ሲለወጥ ብቻ ነው፣ የሚታጠፈውም ራሱ ትንሽ ነገር ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከፍታን ይመለከታል። ካምፓላ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳር ካለው ከ10 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የሚሳሳው ሩብ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ የአየር ትግል ይቀንሳል፣ ስለዚህ የክብደት ድርሻ በመጠኑ ይጨምራል የሚለው ትክክል ነው። ነገር ግን እስካሁን የቀረቡት የካምፓላ ስሌቶች ይህን የሳሳ አየር ቀድመው የያዙ ናቸው፤ ውጤቱንም አይተነዋል። በየ100 ሜትሩ ሽቅብ የተባለው አምስት ሰከንድም ከአየር ጋር ግንኙነት የለውም። ካምፓላ ላይም እንጦጦ ላይም ያው አምስት ነው።

ከቁጥሩ ባሻገር የመንገዱ ጉዳይ አለ፣ ምናልባትም ዋናው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የካምፓላ ነዋሪዎች የየሰፈራቸውን ጉድጓድ ፎቶ እያነሱ በማኅበራዊ መገናኛ ያሳዩበትን የጉድጓድ ኤግዚቢሽን የሚያስታውስ ሰው ይህን አይክድም። በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ መምህርና ካርቱን ሣይ የሆነው ጂሚ ስፓየር ሴንቶንጎ የጀመረው ያ ዘመቻ የአገሪቱን ፕሬዚዳንት ለጥገና 6 ቢሊዮን ሽልንግ እንዲለቀቅ እስከ ማዘዝ አድርሷል። ዝናብ ውኃ ሞልቶ ጥልቀቱን በሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር የገባ ብስክሌት የሚቀበለው ምት፣ ለስላሳ አስፓልት ታስቦ ግራም የተቀነሰለትን ዕቃ ሊሰነጥቅ ይችላል። የካርቦን መሪ ወይም የኮርቻ ዘንግ ከተመታ በኋላ ውስጡ ተሰንጥቆ ከላይ ደህና ሊመስል ይችላል፤ የሚሰበረውም ሳያስጠነቅቅ ነው። እጅግ ስስ የሆነ ጎማም ቶሎ ይበሳል። ደግሞም ማንኛውም ሰፈር ውስጥ ያለ መካኒክ የከባዱን፣ ማቶኬ የሚባለው የሚቀቀል ሙዝ የሚጫንበትን ብስክሌት ዕቃ ያውቀዋል፣ ያገኘዋልም። ካርቦን ለማጥበቅ ኃይልን የሚለካ መፍቻ ያለው፣ ለአዲሱ ማርሽ መለዋወጫ የሚያስቀምጥ ግን ጥቂት ነው። አምስት ሰከንድ ያተረፈ ዕቃ ተሰብሮ ሁለት ወር ብስክሌቱን ካቆመው ያተረፈው ሁሉ ጠፍቷል። ስለዚህ ለካምፓላ ጎማ ሲመረጥ ፈጣንነቱ ከጥንካሬው ጋር መታየት አለበት፤ ቴላዮው ከፈቀደ ባለ 28 ሚሊ ሜትር ወይም ባለ 30 ጎማ፣ በጥቂቱ ቢከብድም፣ ከባለ 23 የበለጠ ይጠቅማል። ሰፋ ያለ ጎማ በዝቅተኛ ንፋስ ስለሚነዳ ምቱን ይቀበላል፣ ሻካራ አስፓልት ላይም ብዙ ጉልበት አያባክንም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ማቅለል የሚያዋጣቸው ሰዎች እንዳሉ መናገር ተገቢ ነው። ሰውነታቸው ቀላል የሆኑ ነጂዎች፣ በተለይ ብዙ ሴቶችና ወጣቶች፣ ከሌላው የበለጠ ይጠቀማሉ። 50 ኪሎ ሰው 11 ኪሎ ብስክሌት ላይ ሲቀመጥ አንድ ኪሎ ከጠቅላላው 1.6 በመቶ ይሆናል። ቀላል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው ዋትም አነስ ያለ ስለሆነ፣ በየ100 ሜትሩ የሚተርፈው ሰከንድ ከአምስት ይበልጣል። ብስክሌቱን በየቀኑ በትከሻው ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚያወጣም ልዩነቱን ያውቀዋል። አንድ ዕቃ አልቆ መተካት ግድ ሲሆን በጥቂት ጭማሪ ቀለል ያለውን መምረጥም ብልህነት ነው። ለውድድር የሚሰለፍ፣ ሌላውን ሁሉ ያሟላ ሰውም ወደ ግራሙ ቢመጣ መብቱ ነው። በጣም ከባድ፣ ከ12 ኪሎ በላይ የሆነ ብስክሌት ያለው ሰው ግን ዕቃ እየለየ ከመግዛት ገንዘቡን አጠራቅሞ ሙሉውን ብስክሌት ቢቀይር ይሻለዋል። ፋብሪካ በጅምላ የሚገዛውን ዕቃ ተጠቃሚ በችርቻሮ ሲገዛው ዋጋው ይበዛል፤ ዛሬ ለጠርዝ ፍሬን የተገዛ ቸርኬ ነገ ዲስክ ፍሬን ላለው ቴላዮ አይገጥምም።

የቀረው የደስታ ጉዳይ ነው፤ እሱንም በንቀት ማለፍ አይገባም። ቀላል ብስክሌት በእጅ ሲነሳ ልብ ይሞላል፣ ቆመው ሲነዱት ወዲያ ወዲህ ሲል ይታዘዛል። ባለቤቱን ከቤት የሚያስወጣ ብስክሌት ደግሞ በራሱ ዋጋ አለው። በዚህ ምክንያት የሚገዛ ሰው አልተሳሳተም፣ ደስታ እየገዛ መሆኑን እስካወቀ ድረስ። ስህተት የሚሆነው ፍጥነት እየገዛሁ ነው ብሎ ደስታ ሲገዛ፣ በዚያም ምክንያት የደረቀውን ጎማ፣ የማይመቸውን ማርሽ፣ ያለመብራትና ያለራስ ቁር የሚነዳበትን ምሽት እንዳለ ሲተወው ነው። መብራትና የራስ ቁር ግራም ይጨምራሉ፤ በጂንጃ መንገድ የማታ ትራፊክ ውስጥ ግን ከእነሱ የሚቀድም ዕቃ የለም።

በእኔ እምነት የወጪው ቅደም ተከተል ይህ መሆን አለበት፦ ደኅንነት፣ በሰውነት ልክ የተስተካከለ አቀማመጥ፣ ጥሩ ጎማ፣ ለዳገት የሚሆን ማርሽ፣ ንጹሕ ሰንሰለት፤ ክብደት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ። ይህን ስል የአንድ ሰው ኪስ ብቻ አይታየኝም። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ቢንያምም በኋላ እዚያው ሲያሸንፍ፣ ምሥራቅ አፍሪካ የእግር ጉልበት እንዳልጎደላት ለሁሉም ታይቷል። የጎደለው ዕቃ ነው፤ እሱም ከሁሉ የቀለለው ሳይሆን የሚሠራው ዕቃ። ከካምፓላ በስተ ደቡብ ምዕራብ እንዳለው የማሳካ ብስክሌት ክለብ ባሉ ክለቦች ውስጥ ለሚለማመድ ወጣት፣ ቁመቱን የሚመጥን ያገለገለ የአሉሚኒየም ብስክሌትና ሁለት ጥሩ ጎማ ሙሉ የውድድር ዘመን ማለት ነው። የአንድ ጥንድ ካርቦን ቸርኬ ዋጋ እንዲህ ያለውን ብስክሌት ሊገዛ ይችላል። ገንዘብ ያለው ብስክሌተኛ ከራሱ ብስክሌት ላይ ግማሽ ኪሎ ለማንሳት ሲያስብ፣ በዚያው ዋጋ ሌላ ሰው ብስክሌት ላይ ሊወጣ እንደሚችል አስቦ ቢወስን ስፖርቱም አገሩም ይጠቀማሉ።